ሆዷ ውስጥ የተኛው ሰው

እና አረንጓዴ ፊት ያለው ሰው የት አይታ ነው የሣለችው፣ አረንጓዴ እንደ ሻገተ ዳቦ፣ አንዱ ዓይን ከግንባር አንዱ ከጉንጭ፣ ኧረ ቁልፉን ይዤ እዚህ መጠለያ ባልገባሁ ይሻለኝ ነበር፣ ወለሉን ልጥረግ ብዬ እኮ ነው፣ እንግዳው ሳይመጣ፣ ይኸው መጥረጊያው እጄ ላይ ነው፣ የጠረግኩት የለም፣ ቆሜ አያለሁ። የኤሊያና ሥዕል ነው። የነገረኝ የለም፣ ሻሹን አውቀዋለሁ፣ ብጫ ነጠብጣብ ያለበትን፣ ሄርዝል ጎዳና ላይ አብረን ነው የገዛነው፣ እሷ ብጫውን እኔ ሰማያዊውን፣ በዚህ ሰፈር ብጫ ነጠብጣብ የምታስር ባንቺአየሁ ብቻ ናት፣ እና ልጅቱ አያቷን ነው የሣለችው፣ ሶፋ ላይ አስቀምጣ፣ ዙሪያዋን ሰው ከቦ፣ ሰዉ ሁሉ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

እጁን አፉ ላይ።

ይኼ ረጅሙ ኢታን ነው፣ የባንቺአየሁ ልጅ፣ አውቶቡስ የሚነዳው፣ የኩባንያውን ሸሚዝ አልብሳዋለች፣ ይቺ መነጽራሟ ሜይታል ናት፣ እህቱ፣ የኤሊያና እናት፣ ነጭ የጠመጠመው ቄሱ፣ ሁሉም አንድ አንድ እጅ አፋቸው ላይ። መስኮቱ ላይ ደግሞ አንዲት ሴት አለች፣ ከውጭ ወደ ውስጥ የምታይ፣ ዓይኗ ሰሐን ያህላል፣ ሰማያዊ ሻሽ፣ እሷ አፏን በሁለት እጇ ነው የያዘችው። ለሌላው አንድ፣ ለእኔ ሁለት። ይሁን፣ ልጅ አይዋሽም፣ አንድ እጅ ለእኔ አይበቃኝም።

ሆዱ ነው የሚያስፈራው። የባንቺአየሁ ሆድ ወረቀቱን ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ ቀይ፣ ቀይ ብቻ፣ ብሩሹን እንደ ጥፍር ጎትታዋለች፣ መሐሉ ላይ አንድ ሰው ተኝቷል። ሬሳ ነው። ምን ሌላ ሊሆን ነው፣ ሬሳ ነው የሣለችው፣ ይቺ ልጅ ጉድ አፈላች፣ የሞተውን ሰው አውጥታ ገመድ ላይ ሰቀለችው፣ ባንቺአየሁ ደግሞ ዛሬ ትወርዳለች፣ የልጅ ልጇን ሥዕል ልታይ፣ ሜይታል ክንዷን ይዛ፣ አዲሱን ጫማ አድርጋ፣ እዚህ ፊት ለፊት ትቆማለች፣ ከሰው መሐል፣ ፈረንጆቹ ብስኩት እየበሉ፣ እና ያን ጊዜ ታያለች።

ወንድሟ መንግስቴ ሞቷል፣ ጎንደር፣ ከፋሲካ በፊት፣ ይኸው የሰባት ሳምንቱ በዓል ሻቩዖት አለፈ፣ መርዶዋን የነገራት የለም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ በርበሬ የምንገዛበት ሱቅ ያውቃል፣ እሷ ብቻ አታውቅም፣ የኛ ነገር እንዲህ ነው፣ ሰው በስልክ አይረዳም፣ ማለዳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቄሱ ከፊት ሆኖ፣ የቅርብ ሴቶች ግራና ቀኝ ደግፈዋት፣ ያን ጊዜ ነው የሚነገራት፣ እስከዚያ ሁሉም አፉን ይዘጋል። መጀመሪያ ልቧ ነበር፣ ልቧ ውስጥ ያቺን ትንሽ ሽቦ ያስገቡላት ያን ሰሞን ነው፣ ዶክተሩ ድንጋጤ አይንካት አለ፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ ይቆይ ተባለ። ከዚያ ፋሲካ ገባ፣ በበዓል አይረዳም። ከዚያ ኢታንን ለሚሉኢም ጠሩት፣ ወደ ጦሩ ተመለሰ፣ እሱ ሳይኖር እንዴት ይሆናል። ከዚያ ደግሞ ሜይታል፣ ልጅቷ ሥዕሏን ታሳይ፣ ደስታዋን አናበላሽባት፣ ከዚያ ወዲያ በማግስቱ ቄሱን እንጠራለን አለች። ደስታዋን። ይኼ ነው እንግዲህ ደስታዋ፣ ተሰቅሎ የሚታየው።

መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፈዋለሁ። ይወድቃል። ይውደቅ።

ሚክላቱ፣ መጠለያው፣ ውስጡ ድምፅ ሁሉ ይጮሃል፣ ወፍራም ሲሚንቶ ነው፣ የብረት በር፣ አዛካው፣ የሚሳይል ማስጠንቀቂያው፣ ሲያለቅስ ከነልጆቻችን የምንሮጥበት፣ ከሕንፃችን ሥር ነው፣ ቁልፉን የምይዝ እኔ ነኝ፣ ያለምወርቅ ሁልጊዜ ቤት ናት፣ ማን ገባ ማን ወጣ ታውቃለች ብለው ነው የሰጡኝ፣ ስድብ ይሁን ሹመት እስካሁን አልገባኝም። ግድግዳው ሚስማር አያስገባም፣ ስለዚህ አስተማሪዋ ገመድ ወጠረች፣ የልብስ መቆንጠጫ ደግሞ ከእኔ ለመነች፣ መቆንጠጫዎቹ የኔ ናቸው፣ የገዛ መቆንጠጫዬ ነው መንግስቴን ቆንጥጦ የያዘው።

ኦርታል ትባላለች አስተማሪዋ፣ ከጎረቤት ከተማ ከነስ ጺዮና በብስክሌት ነው የምትመጣው፣ ፀጉሯን ሰማያዊ ቀብታ፣ መጀመሪያ ሳያት ይቺ የራሷን ራስ ያላስተካከለች ልጅ ምን ልታስተምር ነው አልኩ፣ ለሰው ሁሉ አልኩ። በዚያ በሚሳይሉ ጊዜ ልጆቹ እዚህ ታች ተጣብቀው ሲውሉ ግድግዳውን በእርሳስ ሞነጫጨሩት፣ እኔ ተቆጣሁ፣ እሷ መጥታ አየችውና ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ ከዚያ ወዲህ ቀለም ተሸክማ ትመጣለች። የምታዩትን አትሣሉ ትላቸዋለች፣ የሚሰማችሁን ሣሉ፣ ፍርሃት ምን ዓይነት ቀለም ነው፣ ቁጣ ሹል ነው ድቡልቡል፣ ፊት ቢጣመም ግድ የለም፣ ሰማይ ቀይ ቢሆን ግድ የለም፣ ከመቶ ዓመት በፊት በጀርመን አገር እንዲህ የሚሥሉ ሰዎች ነበሩ፣ ዓይናቸው ያየውን ትተው ውስጣቸው የሚጮኸውን የሚሥሉ፣ አለች፣ እኔ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በኩል እየሰማሁ፣ ልብስ የማሰጣ መስዬ። ያ ኒቭ የሚሉት ልጅ ወረቀቱን በሙሉ ጥቁር ለቀለቀውና ከመሐሉ ቀደደው። ግሩም ነው አለችው። ወረቀት ቀዶ ግሩም። በኛ ጊዜ ቢሆን ጆሮው ነበር የሚቀደደው።

አንድ ቀን ደጅ ይዤ ጠየቅኳት፣ በዚህ በተሰባበረ ዕብራይስጤ፣ አንቺ ልጅ፣ ለምንድነው ሆዳቸው ያለውን ሁሉ ዘርግፉ የምትያቸው፣ እኛ ልጅ ስናሳድግ ያዘው ነው የምንል፣ ዋጠው፣ ሰው ፊት አታልቅስ፣ የቤት ነገር ለቤት። ሳቀች፣ ክፋት የለባትም፣ እንዲያው ትስቃለች። ያለምወርቅ፣ አለችኝ፣ ሲውጡት የት የሚሄድ ይመስልሻል። እኔ እንጃ፣ ሄዶ ይተኛል አልኳት። ይተኛል፣ አለች፣ እና ሲነቃስ።

ተረባኝ አለፈች።

ስሜት የት ነው የሚሰማችሁ ብላቸው ነበር፣ ያን ዕለትም ቀዳዳው ላይ ነኝ፣ ልጆቹ ሁሉ ልቤን ልቤን አሉ፣ አንዱ ጉሮሮዬን፣ ኤሊያና ብቻ ሆዴን አለች። ኦርታል ደነቃት። እኔን አልደነቀኝም፣ የኛ ልጅ ናት፣ የት ሌላ ሊሰማት ነው። ግን ያን ሰሞን እውነትም ሆዷን ያማት ነበር፣ ከትምህርት ቤት እየጠሩ ያመጧታል፣ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሁለት ጊዜ ወሰዷት፣ ደም አዩ ሽንት አዩ፣ ምንም የለባትም አሉ፣ ጣፋጭ በዝቶባት ነው ብዬ አወራሁ፣ ሜይታል ልጅ አትቆጣም ብዬ።

ምን ቆሜ አስባለሁ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ደጅ የብስክሌት ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ገልብጬ ልስቀለው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ያዞሩታል። ሌላ ሥዕል በላዩ ልደርብበት፣ የማን። ኧረ ያላ፣ ፍጠኚ። ሁለቱን መቆንጠጫ እከፍታለሁ፣ ወረቀቱ ከባድ ነው፣ ቀለሙ ወፍሮ ደርቋል፣ ሆዱ ጋ አልደረቀም መሰል ይቀዘቅዘኛል፣ ነጠላዬ ሥር አስገባዋለሁ፣ እንደ ሌባ፣ በብረቱ በር ወጥቼ እቆልፋለሁ፣ ደረጃ፣ ማንም የለም፣ ስንቱን ሰው ደረጃ ላይ እንዳልያዝኩ ዛሬ እኔ ደረጃ ላይ እሮጣለሁ።

ለማን ብዬ ነው። ለሷ ብዬ ነው። ልቧ ያች ሽቦ አለችበት። ደግሞ ለኢታን ቃል ሰጥቻለሁ፣ መንግስቴ የሞተ ዕለት ከሁሉ ቀድሜ ያወቅኩ እኔ ነኝ፣ ከበረንዳዬ አየሁት፣ ኢታን መኪናውን ከዛፉ ሥር አቁሞ ሞተሩን አጥፍቶ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቶ፣ ወረድኩ፣ መስታወቱን አንኳኳሁ፣ ምነው ልጄ፣ ቀና ሲል እኔን አይቶ ፊቱ ሌላ ሆነ፣ ከመርዶው ይልቅ እኔን የፈራ መሰለኝ። አክስቴ ያለምወርቅ፣ አለ፣ ከሁሉም ከሁሉም እርስዎን ነው የምለምነው፣ አፍዎን። አይ አንተ ልጅ። ተቆጣሁ፣ ግን ማልኩለት፣ እናቴ ትሙት አልኩ፣ ሞታ የለ፣ ግን ማልኩ። እና ጠበቅኩ። በሕይወቴ አንድ ነገር ጠበቅኩ። ደረጃ ላይ ሳገኛት ወሬ እንዳያመልጠኝ ሰላም ብቻ ብዬ እሮጣለሁ፣ ምጣድ ጥጄ መጣሁ እላለሁ፣ ስልክ ጠራኝ እላለሁ፣ ቤቷ ቁጭ ብዬ የሰፈሩን ሁሉ የማጫውታት እኔ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብዬ ከደጇ ቀረሁ። አንድም ቃል አልወጣኝም። ለዚህ ነው ዛሬ አንዲት ጥርሷ ያልሞላ ልጅ በቀለም የምታበላሽብኝ።

ወጥ ቤት። በሩን በቁልፍ። ሥዕሉን ጠረጴዛው ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ፍሪጁ ኋላ ልክተተው፣ ከአልጋ ሥር፣ ትልቅ ነው፣ ልጠቅልለው ብል ይሰነጠቃል። ቆይ። በመስኮት ፀሐይ እየገባ ነው፣ እዚያ ታች አምፖሉ ስር ጥቁር የመሰለኝ አሁን ሌላ ነው። ሬሳው። ሬሳ አይደለም።

ሬሳ ተንጋሎ ነው የሚተኛ። ይኼ በጎኑ ነው፣ ጉልበቱን አጥፎ ሆዱ ላይ አስጠግቶ፣ አንድ እጁን ጉንጩ ሥር ከትቶ፣ ደግሞ ትንሽ ነው፣ ሰው አይደለም ልጅ ነው፣ ላዩ ላይ መስመር መስመር ያለው ልብስ ጣል ተደርጎበት፣ ሰማያዊና ነጭ። የተኛ ልጅ ነው።

ኤሊያና መንግስቴን አታውቀውም። በስልክ ያየችው ሽበታም ሽማግሌ ነው፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ሻሎም እያለ የሚስቅ። ይኼን ልጅ የሚያውቁ በዚህ በረሖቮት ከተማ ሁለት ሰዎች ነን። ከመንደራችን ለሱዳን መንገድ የወጣን ጊዜ የባንቺአየሁ እናት መራመድ አልቻለችም፣ ትንሹ መንግስቴ ከእናቱ ጋር ይቅር ተባለ፣ ባንቺአየሁ ልትሰናበተው ገባች፣ እኔ ደጅ እጠብቃታለሁ፣ ተኝቶ ነበር፣ ብቀሰቅሰው ይጮሃል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ብላ ሳትቀሰቅሰው ወጣች። ልብሷን አለበሰችው፣ መስመር ያለውን። በበሩ ስንጥቅ አይቼዋለሁ፣ ያኔም አያለሁ፣ እንዲህ በጎኑ፣ እጁ ጉንጩ ሥር። ከዚያ ወዲያ ይኼን ነገር ለልጆቿ አልነገረችም፣ ለሜይታል አልነገረችም፣ ለኢታን አልነገረችም፣ ለእኔ እንኳ አንስታው አታውቅም፣ እኔም ለሰው አላወራሁም፣ ይገርማል፣ አንድ ሌላም ነገር ጠብቄያለሁ ለካ።

ታዲያ ልጅቷ ከየት አመጣችው።

ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ጉልበቴ እውነት አመመኝ።

ነግራታለች። ባንቺአየሁ ነግራታለች፣ በቅርቡ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ዝም ብሎ አያወጣም። እና የት ነው የተኛው ልጁ፣ ሶፋው ላይ አይደለም፣ ሰዎቹ መሐል አይደለም፣ ሆዷ ውስጥ ነው። አፋቸውን ስቆጥር ሆዷን አላየሁትም። እነሱ ውጭ ቆመው አፋቸውን ይዘዋል እሱ ግን ውስጥ ነው፣ ውስጧ፣ ገብቷል፣ ወይኔ ባንቺ።

ማሽኑ። የልብስ ማጠቢያዋ ማሽን፣ ግድግዳችን አንድ ነው እሰማዋለሁ፣ ከፋሲካ ወዲህ ሜይታል ሥራ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ይነሳል፣ ሲንገጫገጭ ይቆያል፣ ገመዷ ላይ ግን ልብስ የለም፣ አንድ ካልሲ የለም፣ ባዶ ገመድ። አርጅታ ባዶ ማሽን ታስነሳለች ብዬ አወራሁ። ጃኬቱ ደግሞ፣ ለመንግስቴ የገዛችው የሱፍ ጃኬት፣ ሲመጣ ብርድ እንዳይመታው ብላ ስንት ክረምት ቁም ሣጥን ውስጥ ያቆየችው፣ ባለፈው ሰሞን ሽማግሌው አባ ይርጋለም ለብሰውት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው አላየሁም እንዴ፣ በዚህ ሙቀት፣ ባንቺአየሁ ናት የሰጠችኝ ብለው፣ ደግ ናት ብዬ አለፍኩ። ከጎንደር ምን ተሰማ ማለቱን ተወችው። በየቀኑ የምትለኝን ሰላምታ፣ ከጎንደር ምን ተሰማ፣ ስንት ዓመት፣ ተወችው፣ እኔ ደግሞ እንኳን ተወችው አልኩ፣ መልስ ከመፈለግ ዳንኩ አልኩ። ዓይንሽ ጭልፊት ነው ይሉኛል። ጭልፊት።

በሩ ይንኳኳል።

አክስቴ።

ኤሊያና ናት። ሥዕሉን ጎትቼ የምሸፍንበት የለም፣ የጠረጴዛ ልብስ፣ የለም፣ ታጥቧል፣ ወገቤን አስደግፌ ጠረጴዛውን ከልዬ በሩን ትንሽ እከፍታለሁ፣ ኦርታል ልካኝ ነው ቁልፉን አለች፣ አጥቼው ነው አልኳት፣ አልጠፋም አንገትሽ ላይ ነው አለች። አንቱ የሚባል አያውቁም እነዚህ። ነጠላዬን ታያለች። ቀለም ነክቶሻል፣ አለች። የት፣ አልኩ። እዚህ፣ ያ የኔ ቀይ ነው፣ ሁለት ቀይ ነው የቀላቀልኩት፣ ሌላ ልጅ የለውም።

ጎንበስ ብዬ አያለሁ፣ ነጠላዬ ደረቴ ላይ ቀልቷል፣ ከሆዱ የነካ።

ለምን ወሰድሽው፣ አለች። አልጮኸችም። ቢጮሁ ይሻላል፣ እኔ የጮኸ ልጅ አውቃለሁ፣ ዝም ያለ ልጅ አላውቅም። ግቢ፣ አልኳት፣ አስገባኋት፣ እንዳታየው ብዬ ነው፣ አልኩ፣ ሳቭታሽ፣ አያትሽ፣ ልቧ እኮ፣ አንቺ ልጅ ነሽ አይገባሽም፣ እንዳታውቅ። እንደ ሞኝ ታየኛለች፣ ያቺን ጥርሷ የወለቀበትን ክፍተት በምላሷ እየነካች። ሳቭታ እኮ ታውቃለች፣ አለች። ምኑን። መንግስቴ እንደሞተ። ማን ነገራት፣ አንቺ ነሽ። እኔ አይደለሁም፣ አለች፣ አንቺ ነሽ።

እኔ።

ሳቭታ ናት ያለችው፣ ያለምወርቅ ሰላም ብቻ ብላኝ ካለፈች ከኛ ቤት ሰው ሞቷል አለች፣ ከዚያ ማን እንደሆነ ልታውቅ እራት ላይ የሁሉንም ስም እየጠራች እንዴት ነው፣ እንዴት ነው፣ አለች፣ ኢማ፣ ሜይታልን ማለቷ ነው፣ ደህና ነው ደህና ነው ትላለች፣ መንግስቴ ስትል ኢማ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

ሳቅ ነው ለቅሶ የሚመጣኝ አላውቅም፣ በሕይወቴ አንድ ጊዜ አፌን ብይዝ፣ አንድ ጊዜ፣ ዝምታዬ ዞሮ ነገራት። ባወራ ኖሮ፣ የኦፌራን ልጅ ሠርግ፣ የአቪያድን አዲስ መኪና፣ እንደ ወትሮው እየለፈለፍኩ ብቀመጥ ኖሮ እስካሁን አታውቅም ነበር።

ታዲያ ለምን ዝም ትላለች፣ አልኩ፣ ለልጅቷ ይሁን ለራሴ። መርዶ ያልተረዳ ሰው አያለቅስም አለችኝ፣ ትላለች ኤሊያና፣ ሲጠብቁኝ ልቤን ብለው ነው፣ ባለቅስ እኛ ነን የገደልናት ይላሉ፣ እስኪነግሩኝ እጠብቃለሁ አለች፣ ማሽኑን ታስነሳና ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፣ ሆዴን አሞኝ የቀረሁ ቀን አየኋት፣ አብሬያት ተቀመጥኩ። እና ለኢማ እንዳትነግሪ አለችኝ። ኢማ ደግሞ ለሳቭታ እንዳትነግሪ አለችኝ። ኦርታል ደግሞ ውስጣችሁ ያለውን አውጡ አለች። ሥዕል መናገር አይደለም፣ አይደለም አክስቴ።

እጇ ሆዷ ላይ ነው። ስታወራ ሁሉ ሆዷ ላይ ነው፣ እንዲህ፣ መዳፏን ዘርግታ፣ እንደ እርጉዝ ሴት። ደም አዩ ሽንት አዩ ምንም የለባትም አሉ። ከዚህ ወገን እናቷ የሰጠቻትን ከዚያ ወገን አያቷ የሰጠቻትን ይዛ፣ ሁለቱ አንዱን ከሌላው እየጠበቁ፣ እሷን ማንም ሳይጠብቃት። ጣፋጭ በዝቶባት ነው ብዬ ያወራሁ እኔ።

አይደለም፣ አልኳት፣ ሥዕል መናገር አይደለም።

ልክ ልናገር። ትክክለኛው ነገር ኢታንን መጥራት ነው፣ ልጄ፣ እናትህ አውቃለች፣ ነገ በማለዳ ቄሱን አምጣ፣ እንደ ደንቡ ይሁን፣ ማለት ነው። ግን ያን ስል የልጅቷን ቃል አፈረስኩ፣ የአያቷን ነገር ከሷ ሌላ ማንም አያውቅም፣ ኤሊያና ነገረችን ይባላል፣ አፏ ላላ ይባላል፣ በዚህ ሰፈር አፏ ላላ መባል ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፣ በዚህ ዕድሜዋ ይኼን ስም አላስይዛትም። ዝም ልበል፣ ማሽኑ ይዞር፣ ሆዷን ይመማት፣ ደግሞ አንድ ምክንያት አይጠፋም፣ የሜይታል ሥራ፣ ደግሞ በዓል፣ ሮሽ ሃሻና፣ ስግድ።

ያዢ፣ አልኳት፣ አንቺ በዚያ በኩል ያዢ፣ እንዳይሰበር።

ሥዕሉን ሁለታችን ይዘን እንወርዳለን፣ በግልጽ፣ በደረጃው መሐል፣ ኦርታል ሚክላቱ በር ላይ ሰማያዊ ፀጉሯን እያሻሸች ቆማለች፣ የት ነበር፣ አለች፣ አየር ሊወስድ ወጥቶ ነበር አልኳት፣ ሳቀች፣ አትጠይቅም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደድኳት። በሩን ከፈትኩ፣ ሰዉ ገባ፣ ወላጆቹ፣ ከቂርያት ቫይዝማን መሥሪያ ቤቶች ገና የወጡት መታወቂያቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ የኒቭ አባት የተቀደደውን ወረቀት ፎቶ እያነሳ፣ ብስኩት፣ ጭማቂ፣ ሙቀት። ባዶው ቦታ ላይ በራሴ መቆንጠጫ እሰቅለዋለሁ፣ ሁለቱንም፣ አንዱን ከሻሹ በላይ አንዱን ከእኔ በላይ። አሁን ገና አየሁት፣ መስኮቱ ላይ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ ወደ ሆዷ የማየው፣ ሌሎቹ ሁሉ ወደ ፊቷ ነው የሚያዩት። አመነችኝ እንዴ ይቺ ልጅ።

መጡ።

ባንቺአየሁ አዲሱን ጫማ አድርጋለች፣ ሻሿ ብጫው ነው፣ ሜይታል በግራ፣ ኢታን ከኋላ ሸሚዙን ሳይቀይር። ኤሊያና አትሮጥም፣ ከሥዕሉ አጠገብ ቆማለች፣ እጇ ሆዷ ላይ። ይመጣሉ፣ የሌላውን ልጅ ሥዕል ሁሉ ያልፋሉ፣ ይደርሳሉ። ሜይታል አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ኢማ፣ አለች፣ ነይ ውሃ ጠጪ፣ ይሞቃል እዚህ፣ ኢማ፣ ክንዷን ትስባለች። ኢታን አየው። እጁ ብድግ ብሎ አፉ ላይ ሄደ፣ ሳያውቀው፣ እንደ ሥዕሉ፣ ልክ እንደ ሥዕሉ፣ ከዚያ ያንን ራሱም አየ።

ባንቺአየሁ አትንቀሳቀስም። የተኛውን ልጅ ታያለች። ሽቦዋ፣ ልቧ፣ እዚህ ብትወድቅ እኔ ነኝ የሰቀልኩት፣ ማንም ሳይሆን እኔ፣ ኢታን ምን ይለኛል፣ ቄሱ ምን ይላል፣ ዘመድ ሳይሆን ጎረቤት፣ ማለዳ ሳይሆን ቀትር ተሻግሮ፣ ብስኩት መሐል፣ ደንቡን ሁሉ ገልብጬ። ልጅቷን ታያለች። እጇን ታያለች ሆዷ ላይ ያለውን። ረጅም ጊዜ ታየዋለች። ከዚያ ሜይታልን አይደለም፣ ኢታንን አይደለም፣ ዞራ እኔን።

ያለምወርቅ፣ አለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ጥንቱ፣ እንደ በየቀኑ። ከጎንደር ምን ተሰማ።

ሁሉም እኔን ያያል። ይኼ አፍ፣ ስንቱን ያወራ፣ አሁን ምላሴ የለችም፣ ማልኩ፣ እናቴ ትሙት ብዬ ማልኩ፣ ቃል አይወጣኝም። እሺ። ቃል አላወጣም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወርዳለሁ፣ እዘረጋዋለሁ፣ ቀዩ ቀለም እንዳለ ነው፣ ጥለቱን ወደ ታች የነበረውን ወደ ላይ እገለብጠዋለሁ፣ ወደ አንገቴ፣ ወደ ጉንጬ፣ ለቅሶ ቤት እንደምንለብሰው፣ እለብሰዋለሁ፣ እና ሲሚንቶው ላይ፣ እግሯ ሥር፣ ቁጭ እላለሁ።

ኦርታል ኩባያውን አስቀመጠች። ማንም አያኝክም።

ሜይታል ክንዷን ለቀቀች፣ መልሳ ያዘች፣ አሁን ለመሳብ አይደለም፣ ለመደገፍ ነው፣ ኢታንም በቀኝ መጣ፣ ግራና ቀኝ፣ እንደ ደንቡ። ኤሊያና እጇን ከሆዷ አነሳች። ባንቺአየሁ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ትስበዋለች፣ ይገባል፣ ይገባል፣ እስከዚያ ቀይ ድረስ፣ እስከ ልጁ፣ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ በሩ ብረት ነው፣ ድምፅ ሁሉ ይጮሃል እዚህ፣ እዚህ ታች ማሽን የለም።